«የ» ብላችሁ አንብቡት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መምህራኑ ሦስት ስጦታ ሰጡኝ፤ ጃንጥላ፣ የግድግዳ ሰዓትና በጥልፍ የተሠራ አንድ ነጭ ጨርቅ። ክረምት ስለነበር ጃንጥላዋ ሳትውል ሳታድር ሥራ ጀመረች። ሰዓቱን እስካሁን አልሰቀልኩትም። ዕድሜዋን ሙሉ በደወል ስትነዳ ለኖረች ሴት ሰዓት መስጠት የማን ሐሳብ እንደሆነ ገና እያጣራሁ ነው።

ጉዱ ጨርቁ ነው። መሀሉ ላይ አራት ቦታ የተከፈለ ሳጥን ተጠልፎበታል። ከአራቱ መደብ ሦስቱ ሰማያዊ ናቸው፤ ከሦስቱ ደግሞ ሁለቱ በቀይ ክር ተከበዋል። ከሳጥኑ በላይ በትልልቅ ፊደል «የየሺ መንገድ» ይላል። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። «ንግግር! ንግግር!» አሉ። ተነስቼ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብቻ ብዬ ቁጭ አልኩ። ወሬ የማይሰለቻት የሺ ዛሬ ደስታ አፏን ያዘው ብለው ሳቁብኝ። ደስታ አልነበረም። ያ መንገድ የእኔ አይደለም። ባለቤቱን ደግሞ አውቃታለሁ።

እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ መገላገል ይቻል ነበር። ግን የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ካለፈው ትምህርት ክለሳ ካልጀመርኩ አይሆንልኝም።

ሙሉ ስሜ የሺመቤት ነው፤ ሰው ሁሉ የሺ ይለኛል። ቁመቴ አጭር ነው። ሰሌዳው ጫፍ ላይ ለመጻፍ ወንበር ላይ መውጣት ነበረብኝ። ተማሪዎቼ ይህንን አይተው «አምስት መቶ» የሚል ስም አወጡልኝ። የሺ ግማሽ ማለት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ተናደድኩ። በአራተኛው ቀን ሳስበው ግን ልጆቹ የአንድን ነገር ግማሽ ያለ ወረቀትና ያለ እስክሪብቶ አስበው አግኝተዋል። መልሱም ልክ ነው። ያንን ያስተማርኳቸው እኔ ስለሆንኩ ንዴቱን ተውኩት።

የመጀመሪያ ምድቤ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ብዙ የማይርቅ ትምህርት ቤት ነበር። ጠዋት ጠዋት ስንቅ ይዘው የተሰለፉትን ጠያቂዎች አልፌ እገባለሁ። ክፍል ውስጥ የሚጠብቁኝ የጥበቃዎቹ ልጆችና በር ላይ ለጠያቂ ሳሙናና ስኳር የሚሸጡት ነጋዴዎች ልጆች ናቸው። ርዕሰ መምህሩ የዋህ ሰው ነበር፤ ክፋቱ ሌሰን ፕላን ላይ ቀይ እስክሪብቶ ካላሳረፈ ምሳ አይበላለትም። የእኔን ደመወዝ አላነሳውም። እሱም ራሱን አንስቶ አያውቅም ነበር።

ክፍልፋይ ማባዛትን እዚያ ሳስተምር አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አይፈጅብኝም ነበር። «ላይኛውን በላይኛው፣ ታችኛውን በታችኛው!» በቃ። ልጆቹ ያባዛሉ፤ እኔ ራይት አደርጋለሁ፤ ሁላችንም ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ምን እንዳደረግን ግን አንዳችንም አናውቅም። እኔ ራሴ አለማወቄን ያወቅኩት ወደ አቃቂ በሰቃ ከተዛወርኩ በኋላ ነው።

በሰቃ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ቶሎሳ የሚባል ተማሪ እጁን አወጣ። አንድ ሁለተኛን በአንድ ሦስተኛ አባዝቼ አንድ ስድስተኛ ብዬ መጻፌ ነበር።

«ቲቸር፣ ማባዛት ማለት ማብዛት አይደል?»

«ነው።»

«ታዲያ ይሄ እንዴት አነሰ? ግማሽ ነበረን፤ ሲሶ ነበረን፤ ብናበዛው ብናበዛው ከሁለቱም ያነሰ መጣ። የት ሄደ?»

ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም መልስ ያጣ አስተማሪ የሚያደርገውን አደረግኩ። «ሕጉ ነው! ቁጭ በል!» አልኩት። ቶሎሳ ቁጭ አለ፤ ጥያቄው ግን ቆሞ ቀረ።

በእረፍት ሰዓት ስታፍ ገብቼ ስነጫነጭ ከማዶ የሒሳብ አስተማሪው ጋሽ ንጉሤ ሰሙኝ። ሰሙኝ ማለቴ እንኳ ወግ ነው። ጋሽ ንጉሤ በወጣትነታቸው የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። የማሽኑ ጩኸት ጆሯቸውን አድክሞት ነው ወደ ማስተማር የመጡት። ግማሹን ነገር በጆሮ፣ ግማሹን በዓይን ነበር የሚሰሙት። ነጭ ጋዋናቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ቀኝ ኪሱ ብቻ በጠመኔ ዱቄት ነጥቶ ከነጭም የባሰ ነጭ ሆኗል።

ያ ኪስ ምክንያት አለው። ተማሪ መልስ ሲሰጥ ጋሽ ንጉሤ ልክ ነው ወይም ስህተት ነው አይሉም። መጀመሪያ ጠመኔውን ኪሳቸው ይከታሉ። ቀጥሎ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምሩና «እስቲ አሳየኝ» ይላሉ። ልጁ ሰሌዳው ላይ እየሣለ እስኪጨርስ እጃቸው አይፈታም። መጀመሪያ ጆሯቸው ስለማይሰማ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ጆሮዬማ ሰበብ ነው» አሉኝ እየሳቁ። «ጠመኔ እጅሽ ላይ ካለ ኤክስ ለማድረግ ይበላሻል። ስለዚህ ኪስሽ ክተቺው።»

ያን ዕለት የቶሎሳን ጥያቄ ስነግራቸው ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡ።

«ልጁ ምን አጠፋ? ቃሉ ነው የዋሸው» አሉኝ። ወረቀት ላይ አንድ ሁለተኛ ጻፉ፤ የማባዛት ምልክት አደረጉ፤ አንድ ሦስተኛ አስከተሉ። «አንብቢልኝ።»

«አንድ ሁለተኛ ሲባዛ በአንድ ሦስተኛ።»

«እሱን ተዪው። ይህቺን ምልክት «የ» ብለሽ አንብቢያት። ከኋላ ጀምሪ።»

«የ... አንድ ሦስተኛ... አንድ ሁለተኛ።»

«በአማርኛ!»

«የሲሶ ግማሽ።»

«የሲሶ ግማሽ ከሲሶ ይበልጣል?»

«አይበልጥም።»

«ጨረስን። ሂጂና ለልጁ ንገሪው።»

ለምን ከኋላ እንደሚነበብ ስጠይቃቸው ደግሞ ነገሩን እንደ ቀላል ነገር መለሱልኝ። «እንግሊዝኛው ግማሹን ቀድሞ ይጠራል። አማርኛ ባለቤቱን ያስቀድማል። የማን ነው? የሲሶ። ምኑ? ግማሹ። መጀመሪያ ሲሶውን ታመጪያለሽ፣ ከዚያ ታጋምሺዋለሽ።»

ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የሒሳብ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ያነባሉ፣ በአማርኛ ያስባሉ፤ አንዳንዶቹም ቤታቸው ኦሮምኛ ወይም ስልጥኛ ይጠብቃቸዋል። በማግስቱ ለቶሎሳ «የ» ብለህ አንብበው አልኩት። አነበበው። ፊቱ ላይ የበራውን ነገር እስካሁን አልረሳውም። እውነቱን ለመናገር በሃያ ሰባት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተማሪ የሆንኩት ያን ቀን ነው።

ሥዕሉን ያስተማሩኝም ጋሽ ንጉሤ ናቸው። መጽሐፉ ክፍልፋይን በክብ ነው የሚሥለው። ክብ ደግሞ ለመደመር ያገለግላል እንጂ ለማባዛት አይመችም። ክቡን ሦስት ቦታ ከቆረጥሽ በኋላ አንዱን ቁራጭ አራት ቦታ ቁረጪ ብትባዪ ጠመኔሽን ጥለሽ ትሄጃለሽ። ጋሽ ንጉሤ ከፋብሪካው የቀረ ቁራጭ አቡጀዲ ነበራቸው። ጨርቁን ሰሌዳው ላይ ይዘረጉና «ቁመቱን የሚሄደው ክር ምን ይባላል?» ይላሉ። የአቃቂ ልጅ ይህንን አይጠየቅም። እናቱ ወይ አባቱ ፋብሪካ ገብተው ያውቃሉ። «ድር!» ይላል ክፍሉ። «አግድሙን የሚሄደውስ?» «ማግ!»

እንግዲህ ሁለት ሦስተኛን በሦስት አራተኛ እናባዛ እንበል። ጨርቁን በድሩ በኩል አራት እኩል ቦታ አጥፈን ሦስቱን በሰማያዊ እስክሪብቶ እናሰምራለን። ከዚያ በማጉ በኩል ሦስት ቦታ አጥፈን ሁለቱን በቀይ እናሰምራለን። ጨርቁ ሲዘረጋ አሥራ ሁለት ትንንሽ ሳጥን ይወጣዋል። ሰማያዊና ቀይ የተገናኙባቸው ስድስት ናቸው። ስድስት አሥራ ሁለተኛ። ልጆቹ ሁልጊዜ የሚስቱት አንድ ቦታ ነው፤ የተቀለሙትን ብቻ ይቆጥሩና ያልተቀለሙትን ይረሳሉ። ስለዚህ ከመቆጠሩ በፊት ጨርቁ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። እስክሪብቶ አንድ ብቻ ያለው ልጅ በአንዱ በኩል መስመር፣ በሌላው በኩል ነጥብ ያደርጋል። ያንን ሁሉ ከጋሽ ንጉሤ ለቅሜ ወሰድኩ፤ «ድርና ማግ» የእኔ ክፍል መዝሙር ሆነ። በጣም ወደድኩት። መውደዴ ነው በኋላ ጉድ ያደረገኝ።

ሰሚራ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። አባቷ ከስልጤ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ በሰቃ ገበያው ዳር ሽርጥና የመጋረጃ ጨርቅ ይሸጣሉ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጨርቅ እያጠፈች መደርደሪያ ላይ የምታስቀምጠው እሷ ነበረች። ዝምተኛ ናት። እጇን ስታወጣ እንኳ ከትከሻዋ አታሳልፈውም፤ አይቶ የሚጠራት ካለ ይጥራት፣ ከሌለም አትቀየምም።

አንድ ቀን ሱፐርቫይዘር ክፍሌ ገብቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰውዬው ምንም አላጠፋም። ዝም ብሎ ይጽፋል። እኔ ግን የእሱ እስክሪብቶ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ልቤ አብሮ ይንቀሳቀሳል። በአማርኛ ማስረዳቴን እንዳይጽፍብኝ ፈርቼ ያን ዕለት «የ» የምትባለውን ነገር ከአፌ አላወጣኋትም። በእንግሊዝኛ ብቻ እየተኮላተፍኩ ሁለት ሦስተኛ ሲባዛ በሦስት አራተኛ ብዬ ጻፍኩና ሰሌዳው ላይ ማን ይሠራል አልኩ። የሰሚራ እጅ ከትከሻዋ ከፍ ብሎ ነበር። ጠራኋት።

መጣች። ሳጥን ሣለች። ወደ ታች ሦስት መስመር አሰመረችና አራት መደብ አደረገችው። ሦስቱን ቀለመች። ከዚያ ከሦስቱ ሁለቱን ከበበችና ጎኑ ላይ አንድ ሁለተኛ ብላ ጽፋ ዞረች። አንድም አግድም መስመር የለም። ትንንሽ ሳጥን የለም። ጠመኔዬ እጄ ላይ ነበር።

«ማጉ የታለ?» አልኳት፤ ደንግጬ እንግሊዝኛዬን ረስቻለሁ።

«አያስፈልግም ቲቸር። የሦስት አራተኛ ሁለት ሦስተኛ ነው። ሦስት አሉ፤ ከሦስቱ...»

«ማጉ የታለ ነው የምልሽ! ተሳስተሻል። ተቀመጪ።»

ዳስተር እንኳ አልፈለግኩም፤ በመዳፌ አጠፋሁት። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ድሩንም ማጉንም አሰማምሬ ሠራሁ፤ አሥራ ሁለት ሳጥን ቆጠርኩ፤ ስድስቱን አገኘሁ፤ አቃለልኩት። አንድ ሁለተኛ መጣ። የእሷው መልስ። አየሁት። ዓይኔ እያየ «መልሱ ቢመሳሰልም ማርክ ያለው አሠራሩ ላይ ነው» አልኩ። ሱፐርቫይዘሩ በጣም ጥሩ ብሎ ጽፎልኝ ወጣ።

በእረፍት ለጋሽ ንጉሤ እየተኩራራሁ አወራሁላቸው። የሰሚራን ነገር እንደ ቀልድ ነበር ያነሳሁት። እሳቸው አልሳቁም።

«አሳይታሽ ነበር?»

«አዎ፣ ግን ማግ የለውም።»

ከግድግዳው ካላንደር ላይ ያለፈውን ወር ገጽ ቀደዱ። አራት ቦታ አጠፉት፤ ዘረጉት። አንዱን መደብ ወደ ኋላ አጠፉና «ሦስት አራተኛ ይኸውልሽ» አሉኝ። «ከዚህ ሁለት ሦስተኛ ስጪኝ።»

እጄን ሰደድኩ። ሦስት መደብ ነው ያለው። ከሦስቱ ሁለቱ... ሁለቱ ናቸው። ከአራቱ ሁለት። ግማሽ። ማጠፍ የለ፣ መቁጠር የለ፣ ማቃለል የለ።

«ልጅቷ «የ» ብላ ነው ያነበበችው» አሉ ጋሽ ንጉሤ። «እኔ ይህን ስንት ዓመት አስተምሬ አላየሁትም። ከእኔም ከአንቺም ቀድማ ደርሳለች። ነገ ክፍሉ ፊት ንገሪያት።»

በማግስቱ ልነግራት ቆርጬ ገባሁ። ሰሚራ ከመሀል ወንበር ተነስታ ኋላ ጥግ ሄዳለች። ገና ደብተሬን ሳልገልጥ አንዱ ተማሪ ወደ እሷ ዞሮ «ማጉ የታለ?» አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያ ንግግሬ በአንድ ሌሊት የእሷ ስም ሆኗል። ያን ጊዜ ነበር መናገር። እኔ ግን ስህተቴን ካመንኩ ሳቁ ወደ እኔ ይዞራል ብዬ ፈራሁ። ሰሌዳው ላይ አራት መደብ ሣልኩና «ሌላም አጭር መንገድ አለ» አልኩ። የሰሚራን መንገድ ከላይ እስከ ታች አስተማርኩ። ስሟን አልጠራሁም። ልጆቹ በጣም ወደዱት።

ከሳምንት በኋላ ጋሽ ንጉሤ «ነገርሻት?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

እጃቸው ላይ የነበረውን ጠመኔ ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ፤ ቆሙ። ምን እየጠበቁ እንደሆነ አውቄያለሁ። እኔ ግን ማርክ ሊስት አለብኝ ብዬ ወጣሁ። እሳቸውም ዳግመኛ አልጠየቁኝም። ጡረታ ወጡ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቀበርናቸው። ብዙ ነገር ያስተማሩኝን ሰው የዋሸኋቸው ያቺን አንዲት «አዎ» ብቻ ነው።

ሰሚራ ዓመቱን ሙሉ እጇን አላወጣችም። ፈተና ላይ ግን ሁሉንም በድርና ማግ ሠርታ ታስረክባለች። የሦስት አምስተኛ አንድ ሦስተኛ ስጠይቅ እንኳ፣ በዓይን ብቻ የሚታየውን ነገር፣ አሥራ አምስት ሳጥን በማስመሪያ ሠርታ አንድ በአንድ ቆጥራለች። እንደዚያ ያለ ጭንቅላት ሳጥን ሲቆጥር ማየት አንጀቴን በላው። ራይት አደረግኩላት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ የመረረኝ ራይት የለም። ስምንተኛን አልፋ ሄደች፤ አሥረኛን ጨርሳ ስፌት ገባች መባሉን ሰማሁ።

መንገዷ ግን እኔ ዘንድ ቀረ። በየዓመቱ አስተማርኩት። የአካባቢው መምህራን ለሥልጠና ሲሰበሰቡ አሠራራችሁን አሳዩን ተባልን፤ አሳየሁ። አንዱ ወጣት መምህር «እንግዲህ ይህ የየሺ መንገድ ነው» አለ። ያን ጊዜም ዝም አልኩ። ስሙ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ዞረ። ጋሽ ንጉሤ አማርኛ ባለቤቱን ያስቀድማል ሲሉኝ ሰምቼ ነበር እኮ። ቀድሞ የተቀመጠው ባለቤት ግን እኔ ሆንኩ።

ሰሚራ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ማዶ የመጋረጃ ስፌት ቤት ከፈተች። ታፔላውን ካየሁ ጀምሮ በእግሬ የምሄደውን መንገድ በባጃጅ መሄድ ጀመርኩ። ባጃጁ በሯን ሲያልፍ ስልኬን የማይ እመስላለሁ።

ከሽኝቱ በኋላ ባለው ሳምንት ጨርቁን ጠቅልዬ ብብቴ ስር አደረግኩና በእግሬ ሄድኩ። ሰሚራ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ በደረቅ ሳሙና ጨርቅ ላይ ታሰምራለች። ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሒጃቧ ላይ የክር ብጣሽ ተለጥፏል። መጋረጃ ሊወስዱ የመጡ ሁለት ሴቶች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብላ አየችኝና ፊቷ በራ።

«አምስት መቶ!» አለች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ ቲቸር፣ ይቅርታ! ይግቡ፣ ይግቡ። ምን ልስፋልዎት?»

«ላሰፋ ሳይሆን ላስፈታ ነው የመጣሁት።»

ደነገጠች። «ማን ታስሮ?»

ሴቶቹም ደንግጠው አዩኝ። እኛ ሰፈር አስፈታለሁ የሚል ሰው ወደ ቃሊቲ ነው የሚሄደው። «ኧረ ጥልፍ ነው» አልኳት።

«ጥልፍማ ይተረተራል እንጂ አይፈታም» አለችኝ እየሳቀች። አረመችኝ። ደስ አለኝ።

ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ሳቋ ቆመ። ጽሑፉን አነበበች። አራቱን መደብ አየች። በጣቷ በቀይ የተከበቡትን ሁለቱን ነካቻቸውና እጇን መለሰች። «የእኔ ነው» አላለችም።

«ያን ቀን ልክ ነበርሽ» አልኳት። «አጥፍቼብሻለሁ። ከዚያ ደግሞ ወሰድኩብሽ። ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

«ልክ እንደነበርኩማ አውቃለሁ» አለችኝ። «ያኔም አውቅ ነበር። ቤት ሄጄ በጨርቅ አጥፌ አይቼዋለሁ። እሱ አይደለም ቲቸር። በማግስቱ «ሌላም አጭር መንገድ አለ» ብለው ሲሥሉ፣ አሁን ስሜን ይጠራሉ ብዬ ከኋላ ወንበር ቀና አልኩ። እስኪደወል ድረስ ቀና እንዳልኩ ነበርኩ።»

የጨርቁን ጠርዝ በጣቴ ማቃናት ጀመርኩ።

«ከዚያ በኋላ የማውቀውን ነገር ለሰው መናገር ተውኩ» አለች፤ በቁጣ ሳይሆን የሆነውን እንደምትነግረኝ ነበር። «እዚህም ሥራ ስጀምር ደንበኛ የመስኮቱን ልክ አሳስቶ ሲያመጣ እያየሁ ዝም እል ነበር። ስንት ጨርቅ አበላሸሁ። አሁን ዝምታውን ትቻለሁ፤ አሁንማ እከራከራለሁ።»

«ትከራከራለች!» አለች አንደኛዋ ሴት ከወንበሯ። «ትናንት ከእኔ ጋር ተከራክራ ልክ ወጣች።»

ሰሚራ ፈገግ አለች። እኔ ግን አለቀስኩ። ስልሳ ዓመት የሞላት ሴት በሰው መጋረጃ መሀል ቆማ ስታለቅስ ማየት ደስ አይልም። ሰሚራ ቁራጭ አቡጀዲ ሰጠችኝ፤ ፊቴን ጠረግኩ።

«ስሜን አውጥተሽ የአንቺን አድርጊበት» አልኳት። «ሰባተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። ለመምህራኑም በአፌ እነግራቸዋለሁ።»

ጨርቁን ወደ ራሷ ሳበችና ምላጭ አነሳች።

«ሁለት «የ» አለበት። የትኛዋን ላውጣ?»

«ሁለተኛዋን። እሷ ከስሜ ጋር የመጣች ናት። የፊተኛዋ ትቆይ፤ ለአንቺም ትሆናለች።»

«የሺ» የሚለውን ፊደል በፊደል ተረተረችው። ስሜ ክር ክር እየሆነ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ከጨርቁ ላይ «የ» እና «መንገድ» ብቻ ቀሩ፤ በመሀላቸው ባዶ ቦታ አለ።

«ቦታው የሁለት ፊደል ነው» አልኳት። «ስምሽ ደግሞ ሦስት ፊደል ነው። አይበቃም።»

ቦታውን በዓይኗ ለካችው። ሜትሩን አልነካችም።

«ይበቃል። እያንዳንዱ ፊደል የአንድ ፊደል ቦታ ሁለት ሦስተኛ ይደርሰዋል።»

አፌ ሊከፈት ነበር፤ ልማድ ነው። ሁለት እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ።

«እስቲ አሳዪኝ» አልኳት።

ሳሙናዋን አነሳች። ባዶውን ቦታ በሁለት መስመር ሦስት እኩል ቦታ ከፈለችው። አንዱን ክፍል ቀድሞ ከነበረው ከ«ሺ» ቦታ ጋር አስተያየችው፤ ከሦስት እጁ ሁለት እጁ ነው። በየክፍሉ ሰ፣ ሚ፣ ራ ብላ በሳሙና ነደፈች። ፊደሎቹ ትንሽ ጠበብ ብለው በልካቸው ገቡ። እስክትጨርስ ድረስ እጄን አልፈታሁም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ያኔ ሰሌዳው ጋ እንዳየችኝ።

«ልክ ነው፣ ሰሚራ» አልኳት። ወንበር ላይ የተቀመጡት ሴቶች እንዲሰሙ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።